በአይጥ ሆድ የተቀመጠው ጽሑፍ

ወንድሜን ደሴቱ ላይ ያለ ሰው ሁሉ «ሙልጭ» እያለ ይጠራዋል። የእግር መንገዶቹን የሚያጸዳው እሱ ነው፤ እሱ ባለፈበት አንዲት የከረሜላ ወረቀት አትተርፍም። ጓንት ተሰጥቶታል፣ አያጠልቀውም። የተጋጠ አጥንት፣ ያደረ ዳይፐር፣ ሰው የተናፈጠበት ሶፍት፣ ሁሉንም በባዶ እጁ ነው የሚለቅመው። ቋቅ ይለኛል።

ከሁሉ የሚያንገሸግሹኝ ግን ዕቃ ፈላጊዎቹ ናቸው። ጨዋታቸው ጂኦካሽ ይባላል። አንዱ ትንሽ ዕቃ ይደብቅና ቦታውን በስልክ ያስታውቃል፤ ሌላው ሲዳክር መጥቶ ያገኘዋል፣ ውስጡ ባለው ወረቀት ላይ ይፈርምና መልሶ ይደብቀዋል። በቃ፣ ይኸው ነው! ባሕሩ ከገደሉ ሥር ተንጣሎ እያለ ቀና ብለው አያዩትም። ድንጋይ ፈንቅለው፣ ቁጥቋጦ ረግጠው ሲመለሱ፣ ላባቸውን እያንጠባጠቡ የጀልባ ትኬት የምሸጥበትን መስኮት ይደገፉታል። ኤጭ!

አንድ ጠዋት አንዲት አሮጊት ከጀልባ ወርደው ወደ መስኮቴ መጡ። ጡረታ የወጡ ልብስ ሰፊ ናቸው። ባላቸውን ሁለት ዓመት እያጠቡ፣ እያገላበጡ አስታመው በቅርቡ ቀብረዋል። ሰውየው ሕመሙ ፋታ በሰጣቸው ጊዜ እዚህ መጥተው፣ አስቸጋሪ የተባለውን ዕቃ አግኝተው፣ ወረቀቱ ላይ ለሚስታቸው አንድ ነገር ጽፈዋል። ምን እንደጻፉ ግን «ሄደሽ አንብቢው» ከማለት በቀር ትንፍሽ አላሉም።

«እሱን ሳላነብ አልመለስም» አሉኝ አሮጊቷ።

ሙልጭ መንገዱን ሊያሳያቸው ተነሣ። እኔም ወሬ አላስቀምጥ ብሎኝ መስኮቴን ዘግቼ ተከተልኩ። አሮጊቷ ጉልበታቸውን እያሹ፣ በየድንጋዩ እያረፉ፣ ሦስት ሰዓት ሙሉ ዳገቱን ወጣን። ስልኩ «ደርሰዋል» ያለበት ዛፍ ሥር ግን ምንም የለም። ብንዳብስ፣ ብንቆፍር የለም። በመጨረሻ አሮጊቷ ስልኩ ላይ ያለውን ፍንጭ አነበቡልን፦ «የሚያስጠላህን ንካ።»

ወንድሜ መቆፈሩን ትቶ ራሱን ያዘ።

«ምን ሆንክ አንተ?» አልኩት።

«እትዬ... እዚህ ሥር የሞተች አይጥ ነበረች። ባለፈው ሳምንት ዓይኔን ጨፍኜ በአካፋ አነሣኋትና ጆንያ ውስጥ ከተትኳት።»

ለካ የተደበቀችው ዕቃ ራሷ አይጧ ናት! ምንም ነገር የማይጠየፈው ሰው፣ አይጥ ግን ነፍሱ አትወድም። እንደ ሌላው ቆሻሻ በእጁ ቢያነሣት ኖሮ ፕላስቲክ መሆኗን ወዲያው ባወቀ ነበር። ያን ዕለት አካፋ አንሥቶ ጉድ ሠራን።

«ጆንያው የት ነው?» አሉ አሮጊቷ።

ዳገቱን ወረድን። የወሩ ጆንያ ሁሉ ሙልጭ አካፋና መጥረጊያውን ከሚያስቀምጥበት ቤት ጀርባ ተቆልሏል፤ የቆሻሻ ጀልባው በማግስቱ ሊጭነው ነው። ሽታው አፍንጫ ይሰነጥቃል። ሙልጭ አንድ በአንድ ዘረገፈው። አሮጊቷ እጅጌያቸውን ሰብስበው ተንበረከኩና ትል በወረረው የዓሣ ጭንቅላት መሀል እጃቸውን እስከ ክርናቸው ሰደዱ።

«እማማ፣ ይተዉት፣ እኔ እፈልገዋለሁ» ቢላቸው አልሰሙትም።

እኔ በሻርፔ አፍንጫዬን ይዤ ራቅ ብዬ ቆምኩ። ምን እዋሻለሁ፣ ሁለቱም አስጠሉኝ።

አይጧን ያገኛት ሙልጭ ነው። ጮኸ፤ ከዚያ ጥርሱን ነክሶ በጭራዋ ጎትቶ አወጣት። ሆዷ ክዳን አለው። ሲከፍተው ጥቅል ወረቀቱ ደረቅ እንደሆነ ውስጡ ተቀምጧል። አሮጊቷ እጃቸውን ዘረጉና መልሰው ሰበሰቡት፤ ከጣቶቻቸው እድፍ ይንጠባጠባል። ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ ያንቺ እጅ ንጹህ ነው። አንቺ አውጪና አንብቢልኝ።»

አውጥቼ ገለጥኩት። ከፊርማዎቹ ሁሉ በታች፣ በተንጋደደ ጽሕፈት እንዲህ ይላል፦ «አስጠልታኝ ነበር፤ ግን ነካኋት። አንቺም እኔን ስታጥቢ የሚሰማሽ እንዲህ ከሆነ፣ እንዴት ቻልሽው?»

«አይ ሞኙ!» አሉ አሮጊቷ፣ እየሳቁም እያለቀሱም። «መች አስጠልተኸኝ ታውቃለህ?»

እኔ ንጹህ እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ።