ሰብስቤ የማይቆጥረው ጉርሻ

ሰብስቤ አየር ጤና፣ ሚኒባሶቹ ከሚጭኑበት ጀርባ ክትፎ ቤት አለው። ቤቱ መጀመሪያ የታላቅ ወንድሙ ነበር። ወንድሙ በሃምሳ አንድ ዓመቱ፣ ሥጋ የሚከተፍበት ጠረጴዛ አጠገብ ደረቱን ይዞ ተቀመጠና ሳይነሣ ቀረ። ልብ ነው ተባለ። ሰብስቤ ቢላዋውን ከዚያው ጠረጴዛ ላይ አንሥቶ ሥራውን ቀጠለ። ዘንድሮ እሱም ሃምሳ አንድ ሞላው።

እኔ በዚያ ቤት ሃያ ዓመት በልቻለሁ። ያየሁትን እጽፋለሁ።

ጥር ላይ ራሱን አዞረውና ጤና ጣቢያ ሄደ። ነርሷ፣ ሲስተር ኤቢሴ፣ የደም ግፊቱን ብትለካው መቶ ሰባ በመቶ ሆነ። ክኒን ታዘዘለት፤ ጨውና ቅቤ እንዲቀንስ፣ በእግሩ እንዲሄድ ተነገረው። ጎረቤት ደግሞ የሽፈራው ቅጠልና ነጭ ሽንኩርት መከረው። ሲስተር ኤቢሴ ይህንንም አልናቀችም። «ከምግብዎ ጋር ይውሰዱት፤ የክኒኑን ቦታ ግን አይያዝ» አለችው።

ሰብስቤ የተነገረውን የሚያከብር ሰው ነው። በየማለዳው ጦር ኃይሎች ድረስ በእግሩ ሄዶ በታክሲ ይመለስ ጀመር። ምሳው ቅቤ ያልነካው ጎመን ሆነ። ሾፌሮቹ ሳቁበት።

«ሰብስቤ፣ የገዛ ክትፎህን አታምነውም እንዴ?»

«እሱንስ አምነዋለሁ። የማላምነው ልቤን ነው» ይላቸዋል።

ዐቢይ ጾም ገባ፤ ክትፎ ቤቱ ተዘግቶ ከረመ። ግፊቱም ወረደ። ከፋሲካ በኋላ ግን ወር ሳይሞላ መቶ ስድሳ አምስት ገባ። አንድ ጠዋት በሩ ላይ፣ ክኒኑን በመዳፉ ይዞ ተቀምጦ አገኘሁት።

«ጋሽ ጥሩነህ፣ ልተወው ነው» አለኝ። «እሄዳለሁ፣ ቅጠል እጠጣለሁ፣ መድኃኒት እውጣለሁ። ያው ነኝ። ወንድሜ ሳይለፋ ሞተ፤ እኔ ለፍቼ ልሙት?»

«ከመተውህ በፊት አንድ ጊዜ ነርሷን ጠይቃት» ብቻ አልኩት። ልጁ ናዝራዊት ይዛው ሄደች። እዚያ የተባለውን በኋላ የነገረችኝ እሷ ናት።

«ከፋሲካ ወዲህ ምን ተለወጠ?» አለች ሲስተር ኤቢሴ።

«ምንም። ቤቱ ተከፈተ እንጂ።»

«ክትፎ በልተዋል?»

«አንድም ቀን።»

«ጉርሻውስ፣ አባዬ?» አለች ናዝራዊት።

«ጉርሻ ደግሞ መብል ሆነ? የሰው ክብር ነው።»

እውነቱን ነው፤ በኛ ዘንድ እንዲያ ነው። ባለቤቱ በየጠረጴዛው እየዞረ «እንዴት ነው፣ ተስማማችሁ?» ይላል። ደንበኛው ደግሞ ጠቅልሎ ያጎርሰዋል። እምቢ ማለት ነውር ነው። አንድ ጉርሻ ያጣላል ስለሚባልም ሁለተኛው ይከተላል።

ሲስተር ኤቢሴ አልተከራከረችውም። «ለአንድ ቀን ብቻ» አለች፣ «ባጎረሱዎት ቁጥር ያንኑ ያህል ልጅዎ ሳህን ላይ ታስቀምጥ።»

በማግስቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ምሳ በላተኛው ሲያልቅ፣ ናዝራዊት በኮባ ቅጠል የተሸፈነ ሳህን አምጥታ ፊቱ አኖረች። እኔም ነበርኩ። ቅጠሉን ገለጠችው። ሦስት ሰው የሚያጠግብ ክትፎ ነበር፤ ቅቤው ረግቶ ዳር ዳሩን ነጭ ሆኗል።

ሰብስቤ ብዙ አየው። «ይሄ ሁሉ የኔ ነው?»

«ሁለቱ ጉርሻ የጋሽ ጥሩነህ ናቸው» አለች ልጅቷ። እኔ ወደ መሬት አየሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰብስቤ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ዝቅ ይላል። «ሐኪም ከልክሎኛል፤ እንደጎረስኩ ቁጠሩልኝ» ይላል። አንዳንዱ ይስቃል፣ አንዳንዱ ይቀየማል። ባለጋራዡ ገሜዳ የአሥራ አምስት ዓመት ወዳጁ ነው። ጉርሻውን እንደዘረጋ፣ ቅቤው በእጁ አንጓ እስኪወርድ ቆየ።

«አንተ የማትበላውን ነው ለኛ የምትሸጠው?» አለው።

ገሜዳ እጁን ታጥቦ ወጣ፤ እስከ ዛሬ አልተመለሰም። በማግስቱ ሰብስቤ ቅቤው በትንሽ ጣባ ለብቻው እንዲቀርብ አዘዘ፤ የፈለገ ይጨምር፣ ያልፈለገ ይተው ብሎ። ገበያው ትንሽ ቀዘቀዘ።

ሐምሌ ላይ ሲለካ መቶ ሠላሳ ስምንት ሆነ። ሲስተር ኤቢሴ ደስ ብሏት ነበር። እሱ ግን ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ቤቱ ገብቶ ተቀመጠ፤ እንደ ደከመው በሬ ይተነፍሳል።

«ደስ አላለህም?» አልኩት።

«ብሎኛል። ግን መንገዱ አይደለም የሚያደክመው፣ ጋሽ ጥሩነህ። እምቢታው ነው። በቀን ሠላሳ ጊዜ ሰው አሳዝናለሁ። ነገም እንደዚያው። ከነገ ወዲያም።»

ጎመኑን አመጡለት። ብቻውን ሊጀምር ሲል፣ እጄን ታጥቤ መጣሁና ከሳህኑ ጠቅልዬ ዘረጋሁለት። እጁ ወደ ደረቱ ሄደ፤ ለምዶበታል።

«ከራስህ ሳህን ነው» አልኩት።

ጎረሰ። ሁለተኛውንም ጠቀለልኩለት። ቀስ ብሎ እያኘከ ሳለ የሚኒባስ ሾፌሮች ተንጫጭተው ገቡ። አፉን ጠርጎ፣ ወንበሩን ተደግፎ ተነሣ፤ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎም ወደ እነሱ ሄደ።