ጢም ያለው ዓሣ

ሰቆጣ መናኸሪያ አጠገብ አዲስ ሆቴል የከፈተው ጎበዝ ትናንት በባጃጅ ቤቴ ድረስ መጣ። ከአዲስ አበባ የመስታወት የዓሣ ገንዳ አስመጥቷል። ቀያይ ዓሦች ገብተውበታል፤ አሁን ደግሞ ከተከዜ የመጡ ሌሎች ሊጨምርበት አስቧል። «አባባ ኪሮስ፣ የትኛው ከየትኛው እንደሚስማማ እርስዎ ያውቃሉ ብለውኝ ነው» አለኝ። ያሉት ሰዎች አልዋሹም። በዚህ ከተማ ዓሣን በመስታወት ውስጥ ተንከባክቦ ያኖረ ከእኔ በፊት አልነበረም። አስተማሪም አልነበረኝም። ፊደል እንኳ የለየሁት ከሳሙና ካርቶን ላይ ነው። ከባጃጁ ኋላ ተቀምጬ አቧራውን እየበላሁ ወደ ሆቴሉ ስሄድ፣ እትዬ ምንትዋብ ትዝ አለችኝ።

ያኔ ሃያ ዓመት አልሞላኝም። የአያ ዝናቡ ጠጅ ቤት አስተናጋጅ ነበርኩ፤ እትዬ ምንትዋብ ሚስቱ ናት። አያ ዝናቡ በጭነት መኪና ከአሥመራ ትልቅ የመስታወት ሳጥን አስመጣ፤ ውስጡ ጥቂት ቀይ ዓሦችና አንድ ብርማ ነበሩ። ሰው ከደሃና ድረስ ሊያያቸው ይመጣ ነበር። እትዬ ምንትዋብ ልጅ አልወለደችም። ቀዮቹን በስም ትጠራቸው ነበር፤ ትንሿ ጽጌ ትባላለች፤ የእትዬ ጣት መስታወቱን ሲነካ ተንደርድራ ትመጣለች። እኔ ከምንጭ በገንቦ እቀዳለሁ፤ ውሃውን አሳድሬ እለውጥላቸዋለሁ። ወዲያው የቀዳሁት ሲገባባቸው እንደሚያማቸው ያወቅሁት አፍጥጬ በማየት ነው። የሚስማማ ዓሣ ማለትም አንዱ በሌላው አፍ የማይገባ ማለት እንደሆነ የደረስኩበት ራሴ ነኝ። ዛሬም ከዚህ የተሻለ ሕግ የነገረኝ የለም።

ብርማው የቀዮቹን ጭራ እየነከሰ አስቸገረ። ለብቻው ማውጣት ነበር መላው። አያ ዝናቡ ግን በአገሩ የታወቀ አስታራቂ ነው፤ ከፃግብጂ እስከ ደሃና ስንት ደም አድርቋል። በእኛ አገር ሁለት ሰው ሲጣላ ባለ ጢም ሽማግሌ መሐል ይቀመጣል እንጂ አንዱ ከቤቱ አይባረርም።

ወሩ መጋቢት፣ ጾም ነበር። ተከዜ ሰንፎ በየኩሬው የቀረበት፣ ነፋሱ የሚለበልብበት ጊዜ። ጠጁ ቀርቶ ቤቱ ስልጆና ሽሮ ይሸት ነበር። በገበያ ቀን አንድ ቆለኛ በእርጥብ ሣር የተጠቀለለ አምባዛ የሚባል የተከዜ ዓሣ በአህያ ጭኖ መጣ። የክንድ ያህላል፤ ቀን ሙሉ ተጉዞ እንኳ በሕይወት ነበር። ከአፉ ዙሪያ ረጃጅም ጢም ወርዷል፤ ዓይኖቹ ትንንሽ፣ አቀርቃሪ ናቸው። አንዱ እንግዳ፣ «ይሄስ ሽማግሌ ነው፤ ጋቢ ብቻ ነው የጎደለው» ብሎ ቀለደ።

አያ ዝናቡ አልሳቀም። የራሱን ጢም እየዳበሰ፣ በብርማውና በቀዮቹ መሐል ቢቀመጥ ያስታርቃቸው ይሆን አለ። ገና እያመነታ ነበር። እትዬ ምንትዋብ ከባንኮው ኋላ ወደ እኔ ዞር ብላ በለሆሳስ ጠየቀችኝ፤

«ኪሮስ፣ ይስማማሉ?»

ትሪ እንደያዝኩ፣ ቤቱ ሁሉ እንዲሰማ አድርጌ መለስኩ። «ሽማግሌ አይደለም፤ ጅብ ነው። ጢሙን ሳይሆን አፉን እዩ። ይህን የማያውቅ ሰው እንዴት አድርጎ ሰው እንደሚያስታርቅ እንጃ!»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። «ዝናቡ፣ ልጁ ፈረደብህ» አለ አንዱ። ያ ሳቅ እንዴት እንደጣፈጠኝ! የአያ ዝናቡ ፊት ግን ጠቆረ። እጅጌውን ጠቀለለና አምባዛውን በገዛ እጁ ገንዳው ውስጥ ከተተው።

አምባዛው ከሥር ተኝቶ ጸጥ አለ። «አያችሁ? እያዳመጠ ነው» አለ አያ ዝናቡ። ብርማው እንደ ልማዱ አንዷን ቀይ ሊነክስ ተወረወረ። ያ ሰፊ አፍ ተከፈተ፤ ብርማው የለም። እንግዶቹ ለአፍታ ደነገጡ፤ ከዚያ አንዱ «ፈረደ» አለ፤ ሳቁ እንደገና ፈነዳ።

እትዬ ምንትዋብ እንዲያወጣው ለመነችው። «ሽማግሌ ከተቀመጠበት አይነሣም» አላት። ከገንዳው አጠገብ በርጩማ ስቦ፣ ዱላውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ተቀመጠ። ከገበያው ሰው እየተጠራ ገባ። አንድ ቀይ ዓሣ በጠፋ ቁጥር «ፈረደ» ይባላል። እሷ የምግባቸውን ጣሳ እንደያዘች ቆማ ቀረች።

መጨረሻ ጽጌ ብቻ ተረፈች። እትዬ ወዳለችበት ጥግ ሄዳ መስታወቱን በአፏ ትነካ ጀመር። እጄን ሰደድኩ። አያ ዝናቡ አንጓዬን በዱላው መታኝና፣ «አንተ አዋቂ፣ ቁምና እወቅ» አለኝ። ቆምኩ። ቀይ ጭራዋ ከአምባዛው አፍ ጥቂት እንደ ምላስ ወጥቶ ከቆየ በኋላ ገባ።

በዚህም አላበቃም። አምባዛውን አስወጥቶ ለእንግዶች እንዲጠበስ አዘዘ፤ ሆዱን የምትቀደውም እትዬ ምንትዋብ ራሷ እንድትሆን። ጓዳ ገብቼ አየኋት። ጽጌ ሳትጎድል ወጣች። በነጠላዋ ጫፍ ጠቀለለቻትና ቀና ሳትል፣

«እውነትህን ነበር ኪሮስ። ግን ለእኔ ለብቻዬ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?» አለችኝ።

«እውነት በሹክሹክታ አይነገርም» አልኳት። ጥሩ መልስ መስሎኝ ነበር። አያ ዝናቡ በማግሥቱ አባረረኝ፤ ሳጥኑንም የሽንኩርት ማስቀመጫ አደረገው። በገበያ ቀን በዚያ ሳልፍ እትዬ ምንትዋብ ሽንኩርት ልታወጣ ጎንበስ ስትል በመስታወቱ ውስጥ አያት ነበር።

ትናንት ሆቴሉ ስንደርስ ሰው ሞልቶታል። ጎበዙ ከባልዲ አንድ ዓሣ አውጥቶ ለእንግዶቹ ከፍ አድርጎ አሳየ። አምባዛ ነበር። «ይሄን ራሴ ነኝ የመረጥኩት፤ ጢሙን አያችሁልኝ?» አለ። ሚስቱ ከባንኮው ኋላ ሆና ወደ እኔ ታያለች፤ መልሴን ትጠብቃለች።

ነገሩ ምላሴ ላይ ተስሎ መጣ፤ ከድሮውም የተሻለ። ቤቱን በሳቅ እንደማናጋው አውቅ ነበር።

«እስቲ ልጄ፣ ደጅ ድረስ ደግፈኝ» አልኩት። ደጅ ስንደርስ አፌን ወደ ጆሮው አስጠግቼ ነገርኩት። ተመልሶ ገባና፣ አስቦበት ሐሳቡን መለወጡን፣ አምባዛው ወጥ ቤት እንደሚገባ ተናገረ። እንግዶቹ «እንዴት ያለ አዋቂ ነው» እያሉ አደነቁት። እኔ ጥግ ላይ ተቀምጬ ሻዬን ጠጣሁ።

የማውቀውን ሁሉ ያለ አስተማሪ ነው የተማርኩት። ይህችን አንዷን ግን እንዲያ ማለት አልችልም።