በበዓለ ሃምሳ ጾመው ይምጡ

ሐኪሙ ገና ጺሙ በቅጡ ያልሞላ ወጣት ነው። የአያ ሙላቴን የእግር ጣቶች በመርፌ ጫፍ ነካ ነካ እያደረገ «ይሰማዎታል?» ሲላቸው ቆየና፣ «ስኳርዎን እናያለን አባቴ። ነገ ጠዋት ጾመው ይምጡ» አላቸው።

አያ ሙላቴ ከጉና ሥር የመጡ አራሽ ናቸው። ስኳር የሚለውን ቃል ሲሰሙ ዓይናቸው ወደ ግራ እግራቸው ወረደ። የታላቅ ወንድማቸው የአስናቀ ነገር የጀመረው እንዲሁ ነበር። መጀመሪያ ጣቶቹ ደነዘዙ፣ ቀጥሎ ቁስሉ አልሽር አለ፣ በኋላ እግሩን ከጉልበቱ በታች ቆረጡት። አስናቀ ዛሬ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ የሰው በሬ ሲያልፍ ያያል።

ከሐኪሙ ዘንድ ሲወጡ ግን አያ ሙላቴን ሌላ ጭንቀት ያዛቸው። ፋሲካ ያለፈው በቅርቡ ነው፤ በበዓለ ሃምሳ ጾምም ስግደትም የለም፣ ረቡዕና ዓርብ እንኳ ይበላል። ለንስሐ አባታቸው ደወሉ።

«አባ፣ ሐኪሙ ነገ ጹም አለኝ።»

«በሃምሳው? ክርስቲያን አይደለም እንዴ?»

«ማተብስ አንገቱ ላይ አይቻለሁ።»

«እንግዲያ ረስቶት ነው። አንተ ሥርዓት አትሻር።»

በማግስቱ ልጃቸው መክሊት በማለዳ ወደ ሥራዋ ሄደች። ከዓረብ አገር ከተመለሰች ወዲህ እዚሁ ደብረ ታቦር ጭማቂ ቤት ውስጥ ትሠራለች፤ አባቷም ያረፉት እሷ ዘንድ ነው። እሳቸው መንገድ ዳር ካለች ሻይ ቤት ገቡ። ወትሮ ጠዋት እህል የማይወስድላቸው ሰው ናቸው። ያን ቀን ግን ጾሙ እንዳይባሉ እንቁላል በቅቤ አስጠበሱ፤ በዚያ ላይ ትልቅ ብርጭቆ ወተት ማር አስጨምረውበት እየታገሉ ጨረሱት።

ደም የምትቀዳው ልጅ «ጾመዋል አባቴ?» ስትላቸው፣

«እንደ ሥርዓቱ ነው ልጄ» አሉ ኮራ ብለው። እሷም ክንዳቸውን አሰረች።

ሐኪሙ ውጤቱን አየው፤ ደግሞ አየው። «ከፍ ብሏል አባቴ፤ ለጾመ ሰው በዝቷል። ግን ባንዴ አልፈርድም፣ ነገ እንድገመው።»

አያ ሙላቴ የሰሙት «ከፍ ብሏል» የሚለውን ብቻ ነበር። የቀረው ንግግር በጆሯቸው አጠገብ እንደ ነፋስ አለፈ።

ከተማው ውስጥ ሽቅብ ወጡ፣ ቁልቁል ወረዱ። ቁጭ ካሉ እግራቸውን የሚያጡት መሰላቸው። ባጃጅ ጡሩንባ ሲነፋባቸው ዘለው ከአንድ ጫማ መሸጫ በር ላይ ቆሙ። የዓለም ጫማ ሁሉ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይሸጣል! ይህን ያህል ዘመን ኖረው ልብ ብለውት አያውቁም ነበር። ስልካቸውን አወጡና ጎረቤታቸው ዋልልኝ ጋ ደወሉ።

«ዋልልኝ፣ ዘንድሮ መሬቴን እኩል እረሰው። በሬዎቹንም ጥመዳቸው።»

«ምነው አያ ሙላቴ? ታመሙ እንዴ?»

«አንተ ብቻ ቃሌን ያዝ።»

በዚያ አገር እኩል ብለው ከሰጡ ሰጡ ነው። ምርቱ ለሁለት ይካፈላል፤ ቃሉ ግን አይካፈልም።

ወደ ጭማቂ ቤቱ ሲገቡ መክሊት የአቮካዶ ጭማቂ አቀረበችላቸው። በእጃቸው ገፋ አደረጉት።

«አንሽው ልጄ። የአስናቀ ነገር እኔም ላይ መጣ።»

መክሊት ጨርቋን ጥላ አጠገባቸው ተቀመጠች። «ጠዋት ምንም አልቀመሱም አይደል?»

«እንዴት አልቀምስ? በሃምሳው?»

«ምን ቀመሱ?»

«እንቁላል። ወተት በማር።»

አፏን በሁለት እጇ ከደነች፤ ሳቁ ግን በጣቶቿ መካከል አመለጣት። «አባየ! የሐኪም ጾም እኮ ሌላ ነው! ምንም እህል ሳይቀምሱ ይምጡ ማለቱ ነው። ነገ ሳይቀምሱ ሄደን እናስደግመዋለን።»

«ታዲያ እህል ሳትቀምስ ና አይለኝም? በጾም ምን አገባው!»

ተቆጡ። ቁጣቸው ሳይበርድ ተስፋ ገባ፤ እሱም አላስቀመጣቸው። ወተቱ ይሆን? ማሩ ይሆን? ወይስ እውነት ደማቸው ነው? ፍርሃት ብቻውን ሳለ ቢያንስ አንድ ፊት ነበረው።

«ነገ ሳልቀምስ ብቆይስ ጾም አይሆንብኝም?»

«ደሙን እንደሰጡ እዚያው በር ላይ ዳቦ አጎርስዎታለሁ።»

በማግስቱም እንዳለችው አጎረሰቻቸው። ከዚያ አባትና ልጅ ውጤቱን ጠበቁ። አያ ሙላቴ ስም በተጠራ ቁጥር የማንም ስም ቢሆን ይነሣሉ፤ መክሊት ነጠላቸውን ይዛ ታስቀምጣቸዋለች። በመጨረሻ የእሳቸው ስም ሲጠራ ግን ጎትታ ያስነሣቻቸው እሷ ናት።

መክሊት የወተቱን ነገር ስትነግረው ሐኪሙ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። «ጥፋቱ የእኔ ነው አባቴ፤ በሃምሳው ጾም ማለት አልነበረብኝም። ስኳር የለብዎትም። የጣቶችዎን ነገር ለብቻው እንከታተላለን።»

«ድገመው እስቲ።»

«ስኳር የለብዎትም።»

ነጠላቸው እየተጎተተ ወደ ግቢው ወጡና ደወሉ። «ዋልልኝ! ደኅና ነኝ!»

«እሰይ! ተመስገን! መሬቱን ግን አልመልስም፤ ከጠዋት ጀምሬ እያረስኩት ነው።»

«መሬቱን ማን ጠየቀህ? ቃሌ ቃል ነው። ቦራ እንዴት ሆነልህ?» ቦራ የግራው በሬያቸው ነው።

«ምን ይሆናል፣ ትልሙ መሃል ተኝቶብኛል! ብለው ብሠራው አልነሣ አለ።»

«አትምታው! ስልኩን ጆሮው ላይ አድርግልኝ።»

«ለበሬ?»

«አድርግ ስልህ!»

አያ ሙላቴ በሽተኛው፣ አስታማሚውና ዘበኛው ሁሉ በሞላበት ግቢ መሃል ቆመው፣ «ቦራ! ቦራዬ! ተነሥ!» ብለው ጮኹ። አንዲት በቃሬዛ የተኙ ሴትዮ ቀና አሉ። መክሊት ፊቷን በሻሿ ሸፈነች።

ከወዲያ ቀንበር ሲንቋቋ ተሰማ፤ ቀጥሎ የዋልልኝ ሳቅ።

«እንግዲህ ያዘው፣ መጣሁ» አሉ አያ ሙላቴ። «እኩሉ እኩል ነው። ማረሱን ግን እኔም አርሳለሁ።»