ለበቀል የገዛሁት የዓሣ ገንዳ

ትልቁን የዓሣ ገንዳ የገዛሁት ዓሣ ወድጄ አይደለም፤ እርሱ እንዲቃጠል ብዬ ነው። ፍኖተ ሰላም ላይ አብረን ምግብ ቤት የከፈትን ጓደኛዬ፣ አንድ ሰኞ ወጥ ሠሪያችንን ይዞ ወጣና ከመንገዱ ማዶ የራሱን ከፈተ። የነገረኝ ነገር የለም፤ ያወቅሁት ታፔላው ሲሰቀል ነው። ለእኔ የተረፉኝ አምስት ወርቃማ ዓሣዎችና አንዲት ጠባብ የመስታወት ገንዳ ናቸው። ደንበኛው ሁሉ ወደ እርሱ ሲጎርፍ እኔ ዓሣ እመግብ ነበር።

ቡሬ ላለ መስታወት ቆራጭ የድሮዋን አራት እጥፍ የሚሆን ገንዳ አዘዝሁ። በፍራሽ ጠቅልዬ በጭነት መኪና አመጣሁት፤ መንገዱን ሁሉ አቅፌው ነበር። ከእርሱ በረንዳ ፊት ለፊት፣ ከምግብ ቤቴ በር አጠገብ አስቀመጥሁት። ይየው!

ዓሣ ማዛወር ትዕግሥት ይፈልጋል። የጉድጓዱን ውኃ ሁለት ቀን በበርሜል አሳደርሁ። የድሮውን ማጣሪያ ስፖንጅ አላጠብሁትም፤ ውኃውን ለዓሣው የሚያስማማው እዚያ ላይ የተጣበቀው ዝልግልግ ነገር ነው። እንዳለ አንሥቼ ከአዲሱ ማጣሪያ ጎን ገጠምሁት። ከድሮው ውኃ ግማሹን ቀላቀልሁ፣ የቀረውን ምናልባት ብዬ በባልዲ አቆየሁ። ዓሣዎቹን በፌስታል አድርጌ ሙቀቱን እስኪለምዱ አንሳፈፍኋቸውና ለቀቅኋቸው። የማጣሪያው ሞተር ሲነሣ ነጭ አረፋ ደፈቀ። የአዲሱ ሞተር ጉልበት መስሎኝ ኮራሁ።

እርሱም አላስቻለውም፣ መጣ። ጣቱን ውኃው ውስጥ ነክሮ «አማረልህ» ብሎኝ ሄደ። ምሳ ሰዓት ላይ ዓሣዎቹ አፋቸውን ከውኃው በላይ እየከፈቱ ተንጋለሉ።

ደሜ ፈላ። ዓሣዎቹን ባልዲው ውስጥ ከትቼ መንገዱን ተሻገርሁ። ቤቱ በሰው ጢም ብሏል።

«ብርብራ ጨመርህበት አይደል? እንደ ወንዝ ዓሣ ልታሰክርብኝ!» ስል ጮኽሁ።

ብርብራ ገበሬው ቀጥቅጦ ወንዝ ውስጥ እየጨመረ ዓሣ የሚያሰክርበት ፍሬ ነው፤ እዚያ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ያውቀዋል። እርሱ «ኧረ በማርያም!» ይላል፣ ሰዉ ግን ሳህኑን ያያል። አንድ ሽማግሌ የጠቀለሉትን ጉርሻ መልሰው አስቀመጡ። እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ስመለስ ከማንኩሳ መጥታ እኔ ጋ የሰነበተችው እናቴ ባልዲው ላይ አጎንብሳለች። ሁለቱ ሞተዋል።

«ምን አገኛቸው ልጄ? እኔ እኮ እንግዳ የሚያየው ዕቃ ነው ብዬ፣ ውኃ ሳትሞላበት በእንዶድ ፈትጌ አጥቤልህ ነበር። ውኃህን እንዳልጨርስብህ ብዬ አብዝቼም አላለቀለቅሁት።»

እንዶድ ጋቢ ያነጣል፣ ዓሣ ይገድላል። አረፋውም የእንዶዱ ነበር። ይህንን፣ ማዶ ሄጄ ያልሁትንም ጭምር ስነግራት ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

«ሰውየውን በሐሰት? ሂድ፣ በሰው ፊት እንደተናገርኸው በሰው ፊት ይቅር በለኝ በለው።»

በማግሥቱ ስትጠይቀኝ «ነገርሁት» አልኋት። አልነገርሁትም። ወሬው ገበያውን አዳረሰ። ብርብራ የያዘ እጅ ያቀረበውን ማን ይበላል? የእርሱ ወንበሮች ባዶ ሲቀሩ፣ የእኔ ሲሞሉ፣ ቁጭ ብዬ አየሁ። ልቤ ቅቤ ጠጣ።

በሦስተኛው ሳምንት መጣ። ከስቷል። እኔን አልፎ ወደ እናቴ ሄደና ጉልበቷን ሳመ።

«እማማ፣ እርስዎ እንኳ ይመኑኝ። በማርያም፣ እኔ ምንም አልጨመርሁም።»

እናቴ ዞራ አየችኝ። ከዚያ ወደ እርሱ ተመልሳ «እኔ ነኝ ልጄ፤ እንዶድ ነው። ነግሬዋለሁ ብሎኝ ነበር እኮ» አለችው።

እርሱ ቀና ብሎ «መቼ ነው ያወቅኸው?» አለኝ።

«ያን ዕለት» አልሁት። መዋሸት እችል ነበር፤ ግን እንዲያውቀው ፈለግሁ።

ተነሥቶ ወጣ።

እናቴ ዛሬም ከማንኩሳ እየመጣች ትጠይቀኛለች። ገንዳው አጠገብ ተቀምጣ የቀሩትን ሦስት ዓሣዎች ታያለች፤ ስለ ጤናዬ ትጠይቀኛለች። ምሳ ሲደርስ ግን ነጠላዋን አስተካክላ መንገዱን ትሻገርና እርሱ ጋ ትበላለች።