አልይዝ ያለው ኮላ

ልጅ ሳለሁ ተረት የምሰማው ጣውላ ላይ ተቀምጬ ነበር። አባባ የምላቸው አያቴ አያ ታከለ፣ ጎንደር ከፒያሳ ዝቅ ብላ ባለች ጠባብ ቤት የሚሠሩ አናጢ ነበሩ። ተራ ጣውላ ላይ እንደ ወረቀት የሳሳ የዋንዛ ልባስ በኮላ ይለጥፉና፣ እንጨት ቆንጥጦ የሚይዘው ሞርሳቸው ለሰፊ ጣውላ ስለማይበቃ፣ ሌላ ጣውላ ደርበው እኔንና ሁለቱን ታናናሽ ወንድሞቼን ከላይ ይደረድሩናል። ክብደቱ እኛ ነን። እንዳንወራጭ ደግሞ ተረት ይጀምራሉ፤ ኮላው ሳይዝ ተረቱ አያልቅም። ያኔ ምድጃው ውስጥ ፍም እየቀላ፣ የፋኖሱ ጭስ ዓይናችንን እየቆጠቆጠን፣ ስለ ሰነፍ ጅብና ስለ ነገረኛ ቆቅ እየሰማን እግራችን እስኪደነዝዝ እንቀመጥ ነበር። ከዚያ የሚበልጥ ደስታ አላውቅም ነበር።

ዘጠኝ ዓመቴ ላይ፣ በታኅሣሥ፣ ፀዳ ከተማ የሚኖር አንድ ቤተሰብ ለሴት ልጁ የጥር ሠርግ ቁም ሳጥን አዘዘ። አባባ የበሩን ልባስ ለጥፈው፣ እኛን አስቀምጠው፣ ተረቱን ጨርሰው በማግሥቱ መሐሉን በጥፍራቸው ቆርቆር አደረጉት። ኮላ የያዘ እንጨት ድምፁ ድፍን ነው፤ ይኼኛው ግን እንደ ባዶ ቅል ጮኸ። ልባሱ መሐሉ ላይ አብጦ ተነሥቷል።

መጀመሪያ ኮላውን ጠረጠሩ፤ ቆይቶ ይሆናል ብለው አዲስ ገዙ። ልባሱን ልጠው፣ አሮጌውን ኮላ ፍቀው እንደገና ለጠፉ። ያው ቦታ ተነሣ። ብርዱ ነው ብለው ጣውላውን ፍም ላይ አሞቁት፤ አሁንም ተነሣ። ማክሰኞ ዕለት እብጠቱን የእንጨቱን መስመር ተከትለው በምላጭ ሰንጠቅ አደረጉና ኮላ በመርፌ ሰደዱበት፤ እርጥብ ጨርቅ ደርበውም በከሰል ካውያ ተኮሱት። ሽታው የመጣው ያኔ ነው። የጧፍ ሽታ።

ክው አልኩ። ከሁለት ሳምንት በፊት አክስቴ ለገና ለቤተ ክርስቲያን የምትሰጠውን ጧፍ ስትሠራ፣ ሰም የጠጣውን ፈትል እያንከባለልን የምናለሰልስበት ነገር ቸገራትና፣ እኔ ሳላስፈቅድ ከአባባ የተላጉ ጣውላዎች አንዱን ወስጄላት ነበር። ስንጨርስ የፈሰሰውን ሰም በቢላዋ ፍቄ መለስኩት። ለዓይን ንጹሕ ነበር፤ እንጨቱ ግን ሰሙን ጠጥቶት ኖሯል። ቅባት የነካው እንጨት ኮላ እንደማይቀበል ደግሞ አባባ ራሳቸው ስንት ጊዜ ሲናገሩ ሰምቻለሁ። እሳቸው ግን ቫርኒሽ አፍንጫቸውን ካደነዘዘው ቆይቷል፤ ቤቱ በሙሉ ጧፍ ጧፍ ሲል አልታወቃቸውም።

ረቡዕ ጠዋት እብጠቱን ተመልሶ አገኙት። እጃቸውን ወደ ብርሃን ዘርግተው አገላብጠው አዩት።

«በቃ፣ እጄ ከዳኝ» አሉ።

ከዚያ ወዲያ ተረት የለም። ሐሙስ ጭራሽ አልተናገሩም። ዓርብ መላጊያቸውን በጨርቅ ጠቅልለው አልጋ ሥር ከተቱት፤ ዕድሜ ልካቸውን የኖሩበትን ሥራ ሊተዉ ነው። እኔ ይህን ሁሉ አያለሁ፤ ግርፊያ ፈርቼ ዝም።

ቅዳሜ ጠዋት ባለ ሠርጎቹን «ሌላ አናጢ ፈልጉ» ሊሏቸው ኩታቸውን ደርበው ወደ ፀዳ ሲነሡ ተከትያቸው ሮጥኩ። በሩ ላይ እግራቸው ሥር ተደፍቼ፣ ልቅሶ እየቀደመኝ ሰሙን ነገርኳቸው።

አልተቆጡም። ያበጠውን ልባስ ገልጠው ጣውላውን በጥፍራቸው ፋቅ አደረጉና በጣታቸው አሹት። ከዚያ ጎረቤት እስኪሰማ ሳቁ።

«ምነው አንቺ ልጅ! የሰው ቁም ሳጥን ጧፍ አደረግሽው በይኛ!»

ኩታቸውን ጥለው መላጊያውን ከአልጋ ሥር አወጡ። ጣውላውን ገለበጡት፤ ወዲያኛውን ገጹን ሰም አልነካውም። ጫፉን ይዤላቸው ሲልጉ ቀና አሉ።

«ለመሆኑ ሰሙ መሆኑን መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ማክሰኞ… ካውያው ሲነካው።»

ሳቃቸው ጠፋ። «ታዲያ እስከ ዛሬ እጄን ስወቅስ ቁጭ ብለሽ ታዪኝ ነበር፣ ዓለሜ?»

መልሴን ሳይጠብቁ «ደህና አድርገሽ ያዢ» ብለው ሥራቸውን ቀጠሉ። ልባሱ በዚያው ምሽት ያዘ፤ ሙሽሪትም ቁም ሳጥኗን በጊዜው አገኘች።

ዛሬ እዚሁ ጎንደር ነርስ ነኝ። አባባ ካረፉ ቆይቷል። በሕይወት ሳሉ ይህን ታሪክ ለመጣ እንግዳ ሁሉ ያወሩት ነበር፤ ስለ ኮላው፣ ስለ ብርዱ፣ ስለ ጧፉ እያሳሳቁ ይተርኩና እኔ ጋ ሲደርሱ፣ «ኋላ ይህች ልጅ፣ ሸጋ ልጅ ናትና፣ እንዳወቀች ወዲያው ሮጣ ነገረችኝ» ይሉ ነበር። እንግዳው ይመርቀኝ ነበር። አራቱን ቀን የምናውቀው እሳቸውና እኔ ብቻ ነበርን። እኔም ምርቃቱን እየተቀበልኩ፣ አጠገባቸው ቆሜ፣ እንደገና ዝም እል ነበር።