በጀንፈል የተሳለች ቤት

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ሊዲያ ላፕቶፗን ጭኗ ላይ አድርጋ ለዩኒቨርሲቲ የምታቀርበውን ሥራ ታሳየኝ ነበር። የዓለም ካርታ ነው፤ ግን አገሮቹ የመሬት ስፋታቸውን ትተው በሌላ ነገር ልክ ያበጡና የከሱ ናቸው። አንዱ በቡና ምርት የተሳለ ነው። ብራዚል እንደ ቦካ ሊጥ ኩፍ ብላለች፣ የእኛም አገር ደህና ሰውነት አላት፣ አውሮፓን ግን ፈልጌ አጣሁት። ቀጥላ በሐኪሞች ቁጥር የተሳለውን ስታመጣ አፍሪካ መንምና መንምና ልትጠፋ ደረሰች።

«ሁለቱን ጎን ለጎን ስታዪው አይገርምም፣ እማ? ካርቶግራም ይባላል።»

«ስሙን ሳልሰማ በፊት፣ በልጅነቴ ነገሩን አውቀው ነበር» አልኳት። አላመነችኝም። ልጆች እናታቸው ከነሱ በፊት አንድ ነገር ታውቅ ነበር ሲባሉ አያምኑም፤ እኔም በጊዜዬ አላምንም ነበር። ውጭ የሚዛን ከተማ ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድባል። እኔም ታሪኩን እየነገርኳት በሐሳብ ወዳደግሁባት ቴፒ ወረድኩ።

ቤታችን ከከተማው በእግር አንድ ሰዓት ወጣ ብሎ፣ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ከሚበቅል ቡና መሃል ነበር። በዚያ አገር ክረምትና በጋ ድንበራቸውን አያከብሩም፤ ጠዋት ጭጋግ ነው፣ ቀትር ላብ የሚያወርድ ፀሐይ፣ ማታ ዝናብ፣ አንዳንዴም ሦስቱ ባንድ ላይ። ዛሬ ሳስበው ልጅነቴ ሁሉ በእንፋሎት ውስጥ ያለፈ ይመስለኛል፤ እርጥቡ መንገድ ይጨሳል፣ በዳጣ የምንበላው ትኩስ ጎደሬ ይጨሳል፣ ዛፉ ዝናቡ ካባራ በኋላም ለብቻው ይዘንባል።

የጂኦግራፊ መምህራችን ጋሽ ወልዴ ቀጭን፣ ሲስቁ ድምፅ የማያሰሙ ሰው ነበሩ። አንድ ቀን ከመጽሐፍ የተገነጠለ ገጽ ይዘው ገቡ። ዓለም በሕዝብ ብዛት ተስላበታለች፤ ሕንድ ሆዷ ተነፍቷል፣ ያቺ ሰፊ አውስትራሊያ ለምልክት ያህል ብቻ ቀርታለች። «ካርታ ሁሉ መሬት አይለካም» አሉን። «ምን እንደሚለካ ጠይቁት።» ከዚያ ጀንፈል፣ ማለትም ከነልጣጩ የደረቀ ቡና፣ ከየቤታችን አስመጥተው ጠረጴዛ ላይ ሁለት ዓለም አሠሩን፤ አንደኛው ቡና የሚያበቅል፣ ሁለተኛው ቡና የሚጠጣ። ሁለቱ ዓለሞች እኅትማማች አይመስሉም ነበር። ለብዙ ቀናት በእንቅልፍ ልብ የምሄድ ያህል ሆንኩ። ያየሁትን ሁሉ በልቤ አሳብጥና አከሳ ጀመር፤ ሰፈሩን በዘፈን፣ ገበያውን በጠረን፣ ዘመዶቼን በቁጣቸው።

በዚያው ዓመት አሥረኛን ጨረስኩ። እኛ ዘንድ ያለው ትምህርት ቤት እዚያ ላይ ያበቃ ስለነበር፣ ለመቀጠል ሚዛን አክስቴ ዘንድ መሄድ ነበረብኝ። አባቴ እምቢ አለ። ትምህርት የሚከፈተው ቡናው በሚቀላበት በመስከረም ነው። «ቡናውን ማን ያገላብጣል?» አለ፤ በዚያው አለቀ። የተሰጣ ቡና በየሰዓቱ ካልተገላበጠ፣ ዝናብ ሲመጣ ካልተሸፈነ ይሻግታል። የማገላብጠውም የምሸፍነውም እኔ ነበርኩ። ታላቅ ወንድሜ ታምራት ከእኛ ጋር ይኖራል እንል ነበር እንጂ ኑሮው ኳስ ሜዳ ነው።

አልቅሼ አልሆነልኝም። በካርታ አሳምነዋለሁ ብዬ ተነሳሁ። አቤት የዚያን ዕድሜ ብልሃት!

ጳጉሜን ውስጥ አንድ ቀትር፣ ቡና የምናሰጣበት የሽቦ አልጋ ላይ ቤታችንን በጀንፈል ሳልኳት። አራት አገሮች ጎን ለጎን፤ አባባ፣ እማዬ፣ ታምራትና እኔ። ለእያንዳንዱ የዕለት ሥራ አንድ እፍኝ። የእኔ አገር አባባና ታምራት ተደምረው አያክሉትም ነበር። የእናቴ ከእኔም ይበልጣል፤ ግን እውነቱን ለመናገር እሱን ልብ ብዬ አላየሁትም። የማየው የራሴን ነበር።

አባቴ ገጀራውን እንደያዘ ከቡናው ውስጥ ብቅ አለ።

«ይሄ ምን ጨዋታ ነው?»

«ቤታችን ነው አባባ፤ በሥራ የተሳለ። ይሄ አንተ ነህ፣ ይሄ ታምራት። ይሄ እኔ።»

ቁጢጥ ብሎ አየው። ያዝንልኛል ብዬ ትንፋሼን ይዤ ጠበቅሁ።

«ይሄ ሁሉ አንቺ ነሽ?»

«አዎ።»

«ታዲያ ይሄን ሁሉ ወደ ሚዛን ሰድጄ ምን ሊቀረኝ ነው?»

ተቆጥቶ አልነበረም፤ ከልቡ ፈርቶ ነበር። ለምን እንደማልሄድ በገዛ እጄ ቆጥሬ፣ ፀሐይ ላይ አስጥቼ አሳየሁት።

እናቴ ከወንዝ መጥታ ከኋላችን ቆማ ኖሯል። ጄሪካኗን አወረደች፣ እጇን በቀሚሷ አደረቀች። ከዚያ የእኔን አገር በመዳፏ መግፋት ጀመረች፤ ጥቂት ወደ ታምራት፣ ጥቂት ወደ አባቴ፣ ጥቂት ወደ ራሷ፣ የእኔ ቦታ ባዶ ሽቦ እስኪሆን ድረስ።

«የታምራት አባት፣ አንድ ፍሬ ጎደለ?» አለችው።

አባቴ የወፈረ አገሩን አየ፤ አልጋውን ከዳር እስከ ዳር አየ። ሳይፈልግ ሳቀ።

«ታምራትን ጥሩት» አለ።

በሳምንቱ ሙዝ በተጫነበት አይሱዙ ላይ ተቀምጬ ሚዛን ገባሁ። ከመንገዱ የማስታውሰው ደኑ ጭጋጉን ለብሶ ሲያልፍ ብቻ ነው። ከደስታ ብዛት የነቃሁ አልመሰለኝም ነበር።

ለገና ስመለስ ታምራትን «ማገላበጡ እንዴት ይዞሃል?» ብዬ ተረብኩት።

«እኔ? እማ መች ታስነካኛለች» አለ። «ሳልነሳ አገላብጣ ትጨርሳለች። አባባም ሁለት ሳምንት ሞክሮ ተወው።»

ሮጬ እናቴን ጠየቅኋት። «አንቺ አጥኚ» አለችኝና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። እኔም አጠናሁ። ሁለት ዓመት አጠናሁ፤ ኋላም የጂኦግራፊ መምህርት ሆንኩ።

ሊዲያ ይህን ሰምታ ላፕቶፗን ዘጋችው። «ከሄድሽ በኋላ ያለውን ካርታ ግን ሳልሽው?» አለችኝ። አልሳልኩትም። መልኩን ሳልስለውም አውቀዋለሁ፤ ሁለት ቀጫጭን ወንዶች፣ አንድ ባዶ ቦታ፣ የቀረውን አልጋ የሞላች አንዲት ሴት። እናቴ ዛሬ የለችም። በሕይወት ሳለች ስለዚያች ቀትር ደጋግሜ አመስግኛታለሁ። ስለ ሁለቱ ዓመት ግን አንድም ቀን አላመሰገንኳትም።