በሰኞ ገበያ የመጡት ልጆች

መምህርት ሳህሊቱ ከትምህርት ቤቱ የምትወጣው ሁልጊዜ በኋላው በር ነው። ሌሎቹ መምህራን በዋናው በር ወጥተው ወደ በዴሳ ከተማ የሚወስድ ሞተር ይሳፈራሉ። በኋላው በር በኩል ያለው የመቃብር ቦታ ብቻ ነው። ባለቤቷ መምህር ቸርነት እዚያ ካረፈ ሦስት ዓመት ሆነው። በሩ ማጠፊያው ስለተነቀለ በሽቦ ይታሰራል፤ ስትወጣ ፈትታ መልሳ ታስረዋለች። ስለ ነገሩ ማንም ጠይቋት አያውቅም። ሽቦው ሲዝግ ግን ጥበቃው ጩማ አዲስ ይቀይርላታል።

ወደዚህ ቀበሌ ስትመጣ የሶዶ ልጅ ነበረች፤ ወላይትኛዋም የከተማ ወላይትኛ። እያረሙ ያስተካከሉላት ተማሪዎቿ ናቸው። ያኔ ትምህርት ቤቱ ሦስት መምህር ነበረው፤ አንዱ ርዕሰ መምህር ስለሆነ አያስተምርም። ልጁ ግን ይጎርፋል። በጠዋትና በከሰዓት ፈረቃ ተከፍሎ እንኳ አንደኛ ክፍል ከመቶ በላይ ነበር፤ ግማሹ ድንጋይ ላይ፣ ግማሹ የእንሰት ቅጠል አንጥፎ መሬት ላይ ይቀመጣል። ጢም ያበቀሉም ነበሩበት። አንዱ በዓመቱ መካከል ለሠርጉ ጠራትና ሄዳ በላች፤ በሳምንቱ ሙሽራው ደብተሩን ይዞ ክፍል ገባ።

በኋላ የብሎኬት ክፍል ተሠራ፣ ዴስክ መጣ፣ ከኮሌጅ የወጣ መምህር በየዓመቱ ይጨመር ጀመር። አንድ ሰሞን መምህሩ በዝቶ የመምህራን ማረፊያው ወንበር አጠረው። መምህሩ ሲሞላ ልጁ መጉደል ያዘ። መስከረም ላይ ይመዘገባል፤ ጥር ላይ ግማሹ የሊስትሮ ሳጥን ይዞ አዲስ አበባ ነው። ከዚያ መምህሩም ተከተለው፤ አንዱ ንግድ ጀመረ፣ አንዱ ሞተር ገዝቶ የቀድሞ ባልደረቦቹን ያመላልሳል። ሳህሊቱ ግን አንደኛ ክፍልን ይዛ ቆየች።

ዘንድሮ ከወረዳ አንድ ወሬ መጣ። አንደኛ ክፍል ሁለት ሴክሽን አለው፤ በጉብኝቱ ቀን ወንበሩ ካልሞላ ሴክሽን «ለ» ይታጠፋል፣ መምህሯም መምህር ወዳጠረው ቆላ ትዛወራለች። ሴክሽን «ለ» የሳህሊቱ ነው። ከቆላው እየተመላለሱ እዚህ ማደር አይታሰብም። ወሬውን የሰማች ዕለት ያለችው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ጩማ፣ እኔ ስሄድ በሩን ማን ያስረዋል?»

«ምን ማሰር ያስፈልጋል ቲቸር፤ በምስማር መትቼ እገላገላለሁ» አላት።

የምትፈልገው መልስ ይህ አልነበረም።

ጉብኝቱ ሰኞ ተባለ። ሰኞ ደግሞ የቀበሌው ገበያ ነው። በገበያ ቀን ትልቁ ልጅ ሸክም ያግዛል፣ መካከለኛው ቤት ይጠብቃል፣ ትንሹ የእናቱን ቀሚስ ይዞ ይከተላል። ርዕሰ መምህሩ ፋኑኤል ድሮ የሳህሊቱ ተማሪ ነበር፤ ዛሬም ቲቸር ይላታል። ቅዳሜ ማታ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አገልጋይ ወደ ወንጌላዊ ዳና ሄዶ፣ «የአንደኛ ክፍል ልጆች ሰኞ እንዳይቀሩ ያስታውቁልን» ሲል ለመነ።

ወንጌላዊ ዳና ግን ማስታወቂያን ባጭሩ ተናግሮ አያውቅም። እሑድ ቆመና፣ «ነገ ልጅ አስከትላ ገበያ የምትወጣ እናት እንዳትኖር! በቤታችሁ ያለው ልጅ ሁሉ ወደ ትምህርት ቤት!» አለ። ምእመኑ አሜን አለ። እናቶቹ ከወትሮው ጠንከር አድርገው አሜን አሉ።

ሰኞ ጠዋት ግቢው ሞላ። የአንደኛ ክፍሎቹ መጡ። ከነሱ ጋር ታናናሾቻቸው መጡ። በሌላ ቀበሌ ትምህርት ቤት የሚማሩም መጡ። አንዲት ልጅ ወንድሟን በጀርባዋ አዝላ፣ እህቷን እየጎተተች ገባች። እናቶቹ ልጆቻቸውን ከበር አስገብተው እጃቸውን እያወዛወዙ ወደ ገበያ ወረዱ።

የወረዳው ሱፐርቫይዘር አቶ እዮኤል ሲደርስ የሳህሊቱ ክፍል በአንድ ዴስክ አምስት ተቀምጦበት ነበር።

«ቲቸር፣ ዝም ይበሉ» አላት ፋኑኤል በጆሮዋ። «ይቁጠር፣ ይሂድ።»

አቶ እዮኤል ከፊት ያለውን ረዘም ያለ ልጅ «ስንተኛ ክፍል ነህ?» አለው።

«ስድስተኛ።»

«ምን ልትሠራ መጣህ?»

«ወንጌላዊ ነው የላከኝ።»

አቶ እዮኤል ወደ ሳህሊቱ ዞረ። «ሁሉም የእርስዎ ናቸው?»

ሳህሊቱ ፋኑኤልን አላየችም። «አይደሉም» አለችና ወደ ልጆቹ ዞረች። «የኔዎቹ በመስኮቱ በኩል ተቀመጡ።» በመስኮቱ በኩል የተቀመጡት አምስት ዴስክ አልሞሉም። አቶ እዮኤል አንገቱን ነቀነቀና፣ «እንግዲህ ሴክሽኑ ይታጠፋል» አለ።

«እሺ» አለች።

ወሬው አቶ እዮኤል ከክፍሉ ሳይወጣ ግቢውን አዳረሰ። የሒሳብ መምህሩ ጌታሁን በመስኮት ብቅ ብሎ፣ «ወንጌላዊን ለቆላውም እናውሰው» አለና ሄደ።

ነገር ግን የቀሩትን ልጆች ገበያው እስኪበተን የሚወስዳቸው የለም። አቶ እዮኤል ሊሄድ ሲል ሞተሩ ላይ አራት ልጆች ተቀምጠዋል፤ አንዱ ሊያወርዱት ሲሉ አለቀሰ። ሳህሊቱ ወጥታ ሁሉንም በወላይትኛ ጠራቻቸው። ንፍጣቸውን አስጠረገች፣ እጃቸውን አስታጠበች፣ ጥላ ውስጥ አስቀምጣ ማዘፈን ጀመረች። ሞተሩ ላይ የነበሩትም ወርደው ሄዱ። አቶ እዮኤል ሞተሩን አላስነሳም።

«ኦ ክፍል የላችሁም?» አለ። ኦ ክፍል ከአንደኛ ክፍል በፊት የሚገባበት የሕፃናቱ ክፍል ነው።

«አለን» አለ ፋኑኤል።

«የታለ?»

«ክፍሉ አለ። የሌለችው መምህርቷ ናት፤ አምና ሶዶ ገባች። ተተክቶ የሚገባበትም አልተገኘም።»

አቶ እዮኤል ልጆቹን አያቸው። «እርስዎ ይገባሉ? ከአንደኛ ክፍል ዝቅ ማለት ነው እንጂ…»

«እገባለሁ» አለች ሳህሊቱ፣ ጥያቄው ሳያልቅ።

በምሳ ሰዓት ጌታሁን መምህራኑን ሰብስቦ ጠበቃት። «ሰምታችኋል? ሳህሊቱ በስንት ዓመቷ አንደኛ ክፍል ወደቀች!»

«ምን ላድርግ» አለች ዳቦዋን እየቆረሰች። «ከዚህ ወዲያ የምወድቅበት ክፍል የለም።»

ከሰዓት በኋላ እናቶቹ ከገበያ ተመለሱ። ሚርያም የምትባለው ሦስት ልጆቿን ለቅማ፣ «ቲቸር፣ ለሚቀጥለው ገበያም ላምጣቸው?» አለች።

«በየቀኑ አምጫቸው። አራት ዓመት የሞላውን ብቻ።»

ሚርያም ያዘለችውን ወደ ፊት አዞረችው። «ይሄም ሊሞላው ነው» አለች። ልጁ ገና ጥርስ አላበቀለም።

ሁሉም ሲሄዱ ሳህሊቱ ቦርሳዋን ይዛ ወደ ኋላው በር ሄደች። በሩ አልከፈት አላት። ጩማ የጠዋቱን ወሬ ብቻ ሰምቶ በሁለት ትልልቅ ምስማር መትቶት ነበር። ጠራችውና ቆማ ጠበቀችው። ከዋናው በር ድረስ እየሮጠ መጣ፤ አያትና መዶሻውን ሊያመጣ ተመለሰ። ምስማሮቹን ነቅሎ ኪሱ ከተተና ሽቦውን ሰጣት።

ወጣች፤ በሩንም መልሳ አሰረችው።